ስድስተኛዋ ፌዝፉል

አማቼ ብሩክ ለሚወለደው ልጅ ክፍል የመረጠው ቀለም ግራጫ ነበር። እኔ በማውቀው ዘመን የሕፃን ክፍል ቢቀባ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ነው፤ ያውም ለሕፃን ብቻ የሚሆን ክፍል ያለው ቤት ከተገኘ። "አባባ፣ አሁን እኮ ሰው ሁሉ ግራጫ ነው የሚቀባው" አለኝ እየሳቀ። ለግድግዳው የተጠቀመበት የዛሬ ቀለም ሽታ የሚባል የለውም። ከሰው ላይ የገዛውን አሮጌ ኮሞዲኖ ግን ወደ ጋራዡ አውጥቶ በዘይት ቀለም ሊቀባው ተነሣ። እዚህ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ የበረዶው ቅሪት ጠቁሮ በየመንገዱ ዳር እንደተከመረ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች። እኔ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ እየሞቅኩ ሳለ ብሩክ የቆርቆሮውን ክዳን በካቻቢቴ ፈነቀለው፤ ሽታው መጣ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። አፍንጫዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ምጽዋ ደረሰ።

ምጽዋ ባሕርተኛ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ ባሕር የሚባለውን ነገር ያየሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ተቀጥሬ ከአውቶቡስ ስወርድ ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ሲል የባሕር ኃይል በዓል ይከበራል፤ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ይጋበዛሉ። ሳምንት ሲቀረው እጃችን የደረሰበትን ሁሉ ግራጫ እንቀባ ነበር። የመርከቡን ጎን፣ የደረጃውን ብረት፣ የውኃ በርሜሉን ሁሉ። አንዲት የሰፈሩ ድመት ሳናያት የተቀባውን ብረት ተደግፋ ስታልፍ ጭራዋ ግራጫ ሆኖ በዓሉን አሳለፈች። ማታ ማታ እጃችንን በናፍጣ እንታጠባለን፤ የምንበላው እንጀራም ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ልብሳችን ነጭ ነው፤ ኮሌታው ሰማያዊ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ። አጣቢዋ በአሚዶ አድርቃ ስትሰጠን ስንራመድ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ድልድዩን በእግር ተሻግረን ከተማ እስክንገባ ላብ ያረሰርሰዋል። ቅስት በረንዳ ካላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ዓሣ ይጠብስ ነበር። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቆ በርበሬ ይቀባውና ጉድጓድ ምድጃው ውስጥ ያወርደዋል፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር ሃምሳ ሳንቲም ነው። አሥር ሳንቲም ከጨመርክ ማር የፈሰሰበት ቂጣ ያመጣልሃል። ከእሱ ማዶ ያለችው ቡና ቤት ጁክቦክስ ነበራት። አንዱ ጓደኛችን ሁልጊዜ አንድ የሱዳን ዘፈን ብቻ ይመርጥ ነበር፤ ቃሉን አይሰማም፣ ግን ዘፋኙ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ያ ጓደኛዬ የት እንደደረሰ አላውቅም። ዛሬ ፊሊፕስ ሰፈር ከምኖርበት ፎቅ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሦስት ልብስ ደራርቤ ስሄድ፣ ያ ሙቀት በእርግጥ የነበረ አይመስለኝም። ነበረ ግን።

በአንዱ ዓመት ከመጡት መርከቦች አንዷ የእንግሊዝ ነበረች። ስሟ ፌዝፉል ይባላል። ታማኝ ማለት ነው፤ እኛ ጆሮ ላይ ግን ፌዝ ሆኖ ነው ያረፈው። "ፌዝ የሞላባት መጣች" እያልን ስንስቅ ሰነበትን። ትንሽ እንግሊዝኛ ስለነበረኝ በዓሉ እስኪያልፍ አስተርጓሚ እንድሆን ታዘዝኩና ሃሮልድ ከሚባል የበታች ሹም ጋር ተመደብኩ። ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ አንገቱ በፀሐይ ቀልቶ የተላጠ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሥራው ለመርከቧ አትክልትና ሎሚ መግዛት ነው። ጠዋት ገበያ እወስደዋለሁ፣ ዋጋ እከራከርለታለሁ፣ ቀትር ላይ ከየመናዊው ዘንድ ተቀምጠን ዓሣ እንበላለን። ማር ያለበትን ቂጣ በጣም ወደደው። ሁለት ይበላና ጣቱን በመሐረብ አንድ በአንድ ይጠርጋል።

በሦስተኛው ቀን የሎሚ ጆንያ ተሸክመን ስንወጣ መግቢያው ላይ ከነሐስ የተሠራ ሰሌዳ አየሁ። ፌዝፉል፣ ፌዝፉል፣ ፌዝፉል እያለ ስድስት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ዓመተ ምሕረት አለ። ስሙን መጻፍ የሚለማመድ ሰው ሥራ መሰለኝ።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኩት።

"መርከቦቹ ናቸው። አሁን የቆምነው ስድስተኛዋ ላይ ነው።"

ጆንያውን አስቀምጦ በጣቱ እየነካ ነገረኝ። የመጀመሪያዋ የእንጨት ነበረች፤ ሸራዋን እንደዘረጋች ወደብ ላይ ተቃጠለች። ሁለተኛዋን ጉም ውስጥ አለት መታት። ሦስተኛዋ አርጅታ ፈረሰችና እንጨቷ ተሽጦ የአንድ መንደር ጎተራ ተሠራበት። ስለ አራተኛዋ ምንም አያውቅም፤ "ምንም የደረሰባት አይመስለኝም፤ ለዚህ ነው ማንም የማያወራላት" አለ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"የሰጠመች መርከብ ስም ለሌላ መስጠት ገደ ቢስ አይሆንም?" አልኩት።

"ጥሩ ስም ብዙ የለም" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። "አምስተኛዋ ላይ አባቴ ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ሰሜን ባሕር ላይ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።"

ምን እንደሚባል አላወቅኩም። በእኛ ቢሆን ነፍስ ይማር ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የማውቀው ቃል ሁሉ የገበያና የመርከብ ነው። ስለዚህ፣ "እናትህስ አንተ እዚህች ላይ ስትቀጠር ምን አሉ?" አልኩት።

"ምንም አላለችም። ቤታችን ከወደቡ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ መርከቧን አንድ ቀን መጥታ አላየቻትም። ለፈቃድ ስሄድ በሩ ላይ ቆቤን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ።" የቆቡን ጥቁር ጥብጣብ አሳየኝ፤ በወርቃማ ክር የመርከቧ ስም ተጽፎበታል። "ስሙን ማየት አትችልም።"

ከዚያ ወሬውን ለመቀየር ይመስለኛል፣ "የአንተ ስምስ ትርጉም አለው?" አለኝ።

"አለው። ምትኩ ማለት የእሱ ምትክ ማለት ነው። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ ሞቶ ነበር።"

"ወንድምህ ስሙ ማን ነበር?"

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ በዕድሜዬ ሁሉ የዚያን ልጅ ስም ማንም ቤታችን ውስጥ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ስም ይኖረው እንደሁ አስቤ አላውቅም። "አላውቅም" አልኩት። ሃሮልድ ትክ ብሎ አየኝ። "ስሙን አታውቅም?" ብሎ ደገመው፤ እንደ መርማሪ አይደለም፣ በደንብ እንዳልሰማ ሰው ነው። ሎሚውን አንሥተን ወደ ውስጥ ገባን። በማግሥቱም ገበያ ሄድን፣ ዓሣም በላን፤ ስለዚያ ነገር ግን አላወራንም። በዓሉ አልቆ መርከባቸው ስትወጣ ከመርከቧ ኋላ ቆሞ እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

በዚያው ዓመት ለፈቃድ ደሴ ሄድኩ። እናቴ የልብሴን ቁልፍ እየተከለችልኝ ደጅ፣ የጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ጎኗ ቁጭ አልኩና፣ "እማዬ፣ ያ ልጅ ስሙ ማን ነበር?" አልኳት።

"የቱ ልጅ?"

"ከእኔ በፊት የነበረው።"

መርፌዋ አልቆመችም። ቁልፉን ተክላ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ልብሱን ዘርግታ አየችው። "ምን ያደርግልሃል? አንተ አለህልኝ" አለች። ተነሥታ ገባች። እኔም አልተከተልኳትም። ሌላ ጊዜ እጠይቃታለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ንጉሡ ወረዱ፣ ጦርነቱም ምጽዋ ደጃፍ ደረሰ። እኔም በባሕር ወጥቼ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ስንከራተት እናቴ ማረፏን በሰው ሰማሁ። ሚኒሶታ ከገባሁ በኋላ ለዘመድ ሁሉ እየደወልኩ ጠይቄያለሁ። አንዷ የአጎቴ ልጅ፣ "ኧረ እኛ ሳንወለድ ነው፤ ልጅ መኖሩንም አሁን ከአንተ ሰማሁ" አለችኝ። ያን ስም የሚያውቅ ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም።

እዚህ አገር አግብቼ ሁለት ልጅ ወለድኩ፤ ወንድና ሴት። ሃያ አራት ዓመት የአየር ማረፊያ ሹትል ነዳሁ። ባለቤቴ ቀድማ አረፈች። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ወንዱ ልጄ ሥራ ቦታው ላይ ዕቃ ሲያነሣ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እኔ የማስበው ግን ስለ መኪና ማቆሚያው ነበር፤ መሬቱ በረዶ ይዟል፣ አሮጊቶቹ እንዳይወድቁ ጨው ተበትኖበታል ወይስ አልተበተነበትም እያልኩ። ጨው የሚበትነውን ሰው ሄጄ ፈልጌዋለሁ። አግኝቼውም አብሬው በተንኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉ ነገር ከመስተዋት ማዶ እንዳለ ነው። እበላለሁ፤ እተኛለሁ፤ ቀልድ ሲመጣ እስቃለሁ። ስሙን ግን አልጠራሁትም። አልጠራም ብዬ ወስኜ አይደለም፤ የሚጠራበት ቦታ ሲመጣ ሌላ መንገድ አገኛለሁ። "ልጁ" እላለሁ፤ "ወንድምሽ" እላለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ሽታው ምጽዋ ወስዶኝ ሳለ ልጄ ሜሮን ወጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ የነርስ ልብሷን ገና አላወለቀችም። ወንበሬ አጠገብ ቆመች።

"አባዬ፣ ብሩክና እኔ አውርተናል። በወንድሜ ስም ዳዊት ልንለው ነው። ኦኬ ነው?"

ኮሞዲኖውን አየሁት። "ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል" አልኩት ብሩክን።

"ዲድ ዩ ሂር ሚ፣ ዳድ?"

"ሰምቻለሁ።"

"እና?"

"ቀለሙ አልደረቀም፤ እንዳትደገፊው።"

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ተመልሳ ገባች። በሩ በዝግታ ተዘጋ። ብሩክ ብሩሹን ሳያስቀምጥ፣ "አባባ፣ ካልፈለጉ ሌላ ስም እንፈልጋለን። እሷ ግን ይህን ስም ከያዘች ቆይታለች" አለኝ። እኔ ግን፣ "በስልክህ አንድ መርከብ ፈልግልኝ" አልኩት። ገርሞት እጁን በጨርቅ ጠረገና ፈለገልኝ። ስድስተኛዋ ፌዝፉል ከብዙ ዓመት በፊት ተሽጣ ለብረቷ ፈርሳለች። "ግን ሌላ አለች፤ ሰባተኛ ነው የሚላት" አለኝ። ፎቶዋን አሳየኝ። ማዕዘን ማዕዘን ያላት፣ የማላውቀው ዓይነት መርከብ ናት። ምንም አልተሰማኝም። "ደህና፤ ቅባ" አልኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል ሜሮን ስለ ስሙ አላነሣችም። በየቀኑ ትደውላለች፤ መድኃኒት ወሰድክ፣ በላህ፣ ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምሳ ጋብዛኝ ወደ ቤቴ ድራይቭ እያደረገች ሳለ ቀይ መብራት ያዘን። በመንገዱ ማዶ አንድ ሰውዬ የቤቱን አጥር ይቀባል። ያለምንም ምክንያት፣ "ወንድም ነበረኝ" አልኳት።

"ዋት? አጎት አለኝ? የት?"

"ከእኔ በፊት ነው። ሕፃን ሆኖ ሞተ።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"አላውቅም።"

ወደ እኔ ዞረች። "ሀው ካን ዩ ኖት ኖው፣ አባዬ? ወንድምህ አይደለም?"

"እናቴ አትጠራውም ነበር። አንድ ጊዜ ጠየቅኳት፤ አልነገረችኝም። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። አሁን የሚያውቅ የለም።"

አረንጓዴው መብራት በርቶ ኖሯል፤ ከኋላችን ክላክስ ጮኸ። ሜሮን መኪናውን አንድ የሱቅ ማቆሚያ ውስጥ አስገብታ አቆመችና ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች አለቀሰች። ለማያውቁት ሕፃን የሚለቀስ ልቅሶ አልነበረም። ትከሻዋን ልይዛት አስቤ እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የፓርኪንግ ወረቀት አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

"እማማ ከሞተች፣ ወንድሜ ከሞተ፣ አንተ ዝም ካልክ፣ ከማን ጋር ነው ስለ እሱ የማወራው?" አለችኝ። "ብሩክ እንኳ በደንብ አያውቀውም ነበር። እኔና አንተ ብቻ ነን የቀረነው።"

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። የእኔ ዝምታ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እናቴም እንዲያ ሳይመስላት አልቀረም።

"ስጪው" አልኳት።

"አር ዩ ሹር?" አለች፤ ስትጨነቅ እንግሊዝኛው ይቀድማታል።

"እርግጠኛ አይደለሁም። ስጪው ብቻ። እኔ ቶሎ አልጠራው ይሆናል፤ እኔን አትጠብቂ።"

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ መኪናውን አስነሣች። ፊሊፕስ እስክንደርስ አላወራንም። ስወርድ፣ "ታንክ ዩ፣ አባዬ" አለችኝ። በሩን ዘጋሁ።

ልጁ በሰኔ ተወለደ። ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው፤ ጤነኛ፤ ፀጉሩ ጥቁርና ረጅም። ሆስፒታል ሄጄ አቀፍኩት፤ ክብደቱ ደስ ይላል። ሰው ሁሉ ፊቴን እያየ የሆነ ነገር ይጠብቃል፤ እኔ ግን ልጁን አቅፌ ክንዴ እንዳይዝል ብቻ ነበር የምጠነቀቀው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። እንግዶቹ "ዳዊት፣ ዳዊት" ሲሉት ቀና እላለሁ፤ ከዚያ ሕፃኑን እንደሚሉ ትዝ ይለኛል። እኔ ማሙሽ ብዬ ጠራሁት፤ ማሙሽ ለማንኛውም ወንድ ልጅ ይሆናል። ወራት ሲያልፉ ሜሮንና ብሩክም እኔ ባለሁበት ማሙሽ ይሉት ጀመር። ሳልኖር በስሙ እንደሚጠሩት ግን ገብቶኛል፤ አንድ ቀን በሩን ሳላንኳኳ ስገባ ሜሮን አፏ ላይ የነበረውን ስም ስትውጠው አይቻታለሁ። ስምንት ወር እንደዚህ ሆነ።

ሜሮን ወደ ሥራ ስትመለስ በሳምንት ሁለት ቀን እኔ እጠብቀው ጀመር። ብሩክ በማለዳ መጥቶ ይወስደኛል። ያለፈው ማክሰኞ ውጪው ነጭ ነው፤ በረዶ እየጣለ። ልጁ ከፍ ያለ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አጃውን እያበላሁት ነው፤ ማንኪያውን ነጥቆኝ ያኝከዋል። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

"ዳዊት" አልኩ።

ድምፄ እንደ ባዳ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይሰበራል፣ ወይም ይፈስሳል። ምንም አልሆነም። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ልጁ ማንኪያውን ያኝካል።

"ዳዊት።"

አሁን ዞሮ አየኝ፤ አጃ አገጩ ላይ ተለጥፏል። አጎቱን አይመስልም። ቁርጥ አባቱን ብሩክን ነው። ይህን ቀደም ብዬ አላየሁትም ነበር፤ ፊቱን ሳየው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ስለምፈልግበት ይሆናል። አገጩን ጠረግኩለት። አንድ ማንኪያ ጨመርኩለት፤ በላ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠራው ሳቀ፤ ስለ ስሙ አይደለም፣ ጨዋታ መስሎት ነው።

ስልኩ ጮኸ። ሜሮን ናት፤ በእረፍቷ ሰዓት ሁልጊዜ ትደውላለች። ከኋላዋ የሆስፒታሉ ድምፅ ይሰማል።

"አባዬ፣ ማሙሽ በላ?"

"ዳዊት በልቷል" አልኳት። "ሁሉንም ጨርሷል። አሁን ሊተኛ ነው።"

የሆነ ሰው በስሟ ሲጠራት፣ እሷም መልስ ሳትሰጥ ስትቀር ሰማሁ።

"ኦኬ፣ አባዬ" አለች ቆይታ። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። "ኦኬ።"

"ሥራሽን ሥሪ" አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ልጁን ከወንበሩ አወረድኩት፤ በአንድ ክንዴ እንደያዝኩት ሳህኑን ማጠብ ጀመርኩ።